ጋርዱን ሞርዶ መጣል፦ ስለ አሮጌ የፂም መላጫዎች

(ቱሉ ዲምቱ ውስጥ በኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ፣ ለሰፈሩ ፀጉር አስተካካዮችና ለብረታ ብረት ሥራ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። እሁድ ከሰዓት ቤተሰብ ትታችሁ፣ ኳስ ትታችሁ ስለ ፂም መላጫ ልትሰሙ መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ትንሽም ገርሞኛል። መብራት ስለሄደ ማይክ የለንም፤ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን መላጫዎች ስንጨርስ ታዩዋቸዋላችሁ። ምላጭ የገባባቸው ስላሉ ግን እኔ ሳልኖር አትንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬም፣ ወደ አቃቂም በኩል፣ አሮጌ የብረት መላጫ ይዞ ቶርኖ ቤት የሚመጣ ወጣት በዝቷል። አንዳንዱ የአያቱን ዕቃ ነው የሚያመጣው። አንዳንዱ ከቆራሌው ላይ ገዝቶ፣ ሌላው ምናለሽ ተራ ሲዞር አግኝቶ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «ይቺን ጥርሷን አንሳልኝ።» ጥርስ የሚሉት ከምላጩ ስር ያለውን፣ ማበጠሪያ የመሰለውን ጠርዝ ነው። አንዳንዱ መላጫ ላይ ጥርስ የለውም፣ ድፍን ዘንግ ነው። ሁለቱንም ጋርድ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለምን እንዲነሳ ፈለግህ ስል መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ጠርዙ አይታየኝም፣ የደንበኛ መስመር ስይዝ ይጋርደኛል» ይላል። ይሄ ባለሙያ ነው፣ ቅሬታውም እውነት ነው። ሌላው «ጠጋ ብሎ እንዲላጭልኝ ነው» ይላል። ይሄኛው ቪዲዮ አይቶ የመጣ ነው። ሁለቱም ጋርዱን የሚያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ጀማሪ እንዳይቆረጥ የተደረገ፣ ለለመደ እጅ የማያስፈልግ ተጨማሪ ነገር።

እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ ዓይነት መላጫ ላይ ጋርዱ የመቁረጫው ግማሽ ነው። ሲነሳ የሚቀረው ደፋር መላጫ ሳይሆን ያልተሟላ መሣሪያ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ወደ ኋላ ልሂድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ የነበረው ረጅሙ፣ ታጣፊው ምላጭ ነው። ጀርባው ወፍራም፣ አፉ ስል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዣን ዣክ ፔሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቢላ ሠሪ በዚህ ምላጭ ላይ የእንጨት ልባስ ሠራለት። ሐሳቡ የመጣው ከአናጢ መላጊያ ነው። መላጊያ ላይ ስለቱ በትንሹ ብቻ ብቅ ይላል፤ የቀረው እንጨቱ ውስጥ ነው። ፔሬም ያንኑ አደረገ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፔሬ እጀታውን አልነካም። ልባሱን አውጥታችሁ ብትጥሉት፣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ያው የጥንቱ ምላጭ ነው። ምንም አልጎደለበትም።

በ1847 ነገሩ ተቀየረ። ዊልያም ሄንሰን የሚባል እንግሊዛዊ አዲስ መላጫ አስመዘገበ። ይሄ ሄንሰን የሚገርም ሰው ነው፤ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በእንፋሎት ሞተር የሚበር ትልቅ አውሮፕላን ነድፎ መብቱን አስከብሮ ነበር። አውሮፕላኑ አልበረረም። መላጫው ግን ዛሬም ድረስ ከእኛ ጋር አለ። ያደረገው ምንድን ነው? እጀታውን ወስዶ ከስለቱ ጋር በ90 ዲግሪ አቆመው። ራሱ በማመልከቻው ላይ ቅርጹን ከመኮትኮቻ ጋር ያመሳስለዋል። በዚያው ንድፍ ላይ ደግሞ ማበጠሪያ የመሰለ ጋርድ አለ።

እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ የመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ረጅሙን ምላጭ የያዘ ፀጉር አስተካካይ ጣቶቹ ከስለቱ አጠገብ ናቸው። ማዕዘኑን በቀጥታ ነው የሚመራው። ጣቱ ሲዞር ስለቱ ይዞራል፤ የሚሰማውም ወዲያው ነው። እጀታው በ90 ዲግሪ ሲቆም ግን እጅ ከስለቱ ይርቃል። ከታች እጀታውን ትንሽ ስታዘነብሉት ስለቱ ወይ ከቆዳው ይነሳል፣ ወይ ይቆፍራል። ሰው በእጁ ብቻ ይሄንን ሊቆጣጠረው አይችልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሌላ የሚቆጣጠር ነገር አስፈለገ። ከላይ ክዳኑ፣ ከታች ጋርዱ። ሁለቱ ቆዳ ላይ ሲያርፉ ምላጩ በመካከላቸው በተወሰነለት ማዕዘን ይሄዳል፤ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም፣ መስታወቱ ቢጠብም፣ ውሃው በፈረቃ ሆኖ እየተቻኮላችሁ ቢሆንም።

በ1880 ደግሞ ካምፍ የሚባሉ ወንድማማቾች ኒው ዮርክ ውስጥ በዚህ ቅርጽ መላጫ ሠርተው ሸጡ። አረፋ የሚጠራቀምበት ሳጥን ነገር አለው። ስለቱ ግን አሁንም ወፍራምና እየተሳለ የሚሠራበት ነበር። እሱን አልፌ ወደ ጂሌት ልሂድ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው አብዛኛው የእሱ ልጅና የልጅ ልጅ ነውና።

ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነጋዴ እንጂ የብረት ሰው አልነበረም። ተጠቅሞ የሚጣል ስስ ምላጭ አሰበ። ስስ ቆርቆሮ ብረትን አጠንክሮ፣ ስሎ፣ ሳይጣመም ማውጣት እንዴት እንደሚቻል የፈታው ግን ዊልያም ኒከርሰን የሚባል መሐንዲስ ነው። እኛ የብረት ሠራተኞች ይሄንን ሰው ብናስበው ደስ ይለኛል፤ ስሙ ሳጥኑ ላይ አልወጣም። በ1903 ኩባንያው የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መላጫው ብቻ ከ90 ሺህ በላይ ሆነ። ፓተንቱም፣ ማለትም የፈጠራ መብቱ፣ በኅዳር 1904 ጸደቀ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ አዘዘ። አሮጌ መላጫ በዓለም ላይ እንዲህ የበዛው፣ እስከ ምናለሽ ተራም የደረሰው ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ነው።

ፓተንቱ ላይ እኔን የሚስበኝ አንድ ነገር አለ። ጂሌት መብቱን የጠየቀው ስል ብረት ፈጠርኩ ብሎ አይደለም። ምላጩ በጣም ስስና ተጣጣፊ ስለሆነ ጠርዙ እንዲጠነክር ከውጭ ድጋፍ የሚያስፈልገው ነው ይላል። ሰውየው ራሱ በሌላ አነጋገር ምላጩ ብቻውን አይቆርጥም እያለ ነው። የዛሬው ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በጣታችሁ ይዛችሁ ብትጫኑት ይታጠፋል። ጠንካራ የሚያደርገው ክዳኑ ወደ ታች አጉብጦ ከመቀመጫው ጋር ሲያጣብቀው ነው። የቆመ ስስ ወረቀት ይወድቃል፣ የጎበጠ ግን ይቆማል፤ ያው ነው።

እንግዲህ ሞረዱን እናንሳ። ጋርዱን ስንሞርድ ምን ይሆናል?

አንደኛ፣ አሁን ያልኩት ማዕዘን ይጠፋል። ከታች የሚያርፍ ነገር የለም። ክዳኑ ብቻ ቀረ። መላጫው በክዳኑ ጠርዝ ላይ ይንከባለላል። ጉንጭ ላይ ምናልባት ትችሉት ይሆናል፤ ጉንጭ ሜዳ ነው። አገጭ ላይ፣ ከመንጋጋ ስር፣ ጉሮሮ ላይ ግን ቆዳው ራሱ በየሴንቲ ሜትሩ አቅጣጫ ይቀይራል። እጀታው ደግሞ ከታች ሆኖ ምንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጋርዱ ከምላጩ ቀድሞ ይሄዳል። ቆዳውን ይጫነዋል፣ ይወጥረዋል። በጋርዱና በምላጩ መካከል ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ቆዳው የሚያብጥበት ዕድል የለውም፤ ተዘርግቶ ያልፋል፣ ፂሙ ብቻ ቀጥ ብሎ ምላጩ ላይ ይመጣል። ጋርዱ ሲነሳ ቆዳው ከምላጩ ፊት ይጠራቀማል። ምላጩ የሚያገኘው ፂም ብቻ ሳይሆን ያንን ጉብታም ነው። «ቪዲዮው ላይ ሰውየው ሲላጭ አልቆረጠውም» የሚለኝ አለ። ሰውየውን በደንብ እዩት። ግራ እጁ የት ነው ያለው? ቆዳውን እየወጠረ ነው። ጋርዱ ይሠራ የነበረውን ሥራ በግራ እጁ እየሠራ ነው። ትርፉ ምንድን ነው ታዲያ?

ሦስተኛው የእኛ የሞረድ ሰዎች ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ መላጫዎች ጋርዱና ምላጩ የሚቀመጥበት ደረጃ አንድ ቁራጭ ብረት ናቸው። በመካከላቸው አረፋ የሚወጣበት ትንሽ ቦይ አለ፣ በቃ። ሞረዱ ትንሽ ካለፈ ያንን ደረጃ ይበላዋል። ደረጃው ሲሳሳ የምላጩ ጠርዝ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ፂም ሲነካው ይንቀጠቀጣል። እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ምላጭ አይቆርጥም፣ ይነጫል። በዓይን አይታይም፤ ማታ ውሃ ሲነካው ፊታችሁ ይነግራችኋል።

ፋብሪካው ራሱ ስለ ጋርድ ምን ያህል ይጨነቅ እንደነበር ላሳያችሁ። በ1930 ጂሌት የምላጩን ጥጎች ቆርጦ ያወጣበት አዲስ መላጫ አመጣ። ምክንያቱ መላጫ ሲወድቅ የመቀመጫው ጥግ ስለሚጣመም፣ የተጣመመው ጥግ ምላጩን ስለሚያነሳውና ፂም ስለሚጎትት ነው። ልብ በሉ፤ በዓይን የማይታይ ጥምመት ነው ምላጩን እንዲቀይሩ ያስገደዳቸው። እኛ ደግሞ ሞርሳ ላይ አስረን በሻካራ ሞረድ እንገዘግዘዋለን።

ሌላ ምሳሌ። ይሄ ወፍራም እጀታ ያለው፣ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት፣ በ1958 የወጣው ተስተካካይ ጂሌት ነው። ሰብሳቢዎች «ፋትቦይ» ይሉታል። ቀለበቱ ከ1 እስከ 9 ይዞራል። ሲዞር የሚለወጠው በምላጩና በጋርዱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። 1 ላይ ጠባብ፣ 9 ላይ ሰፊ። 9 ላይ በጣም ደፋር ነው፣ ጉልበት ያለው ፂም ላይ ጥሩ ይሠራል። ግን 9 ላይም ጋርዱ እዚያው አለ። ዛሬም ጀርመኖች የሚሠሩት፣ በጣም ኃይለኛ ነው የሚባለው ሙህሌ አር 41 ጥርሱን ይዞ ነው የሚሸጠው። መሐንዲሶቹ ፈሪዎች ስለሆኑ አይደለም።

ይሄን ካልኩ ስለ ብረቱ ትንሽ ላውራ፤ ተማሪዎቹ ይሄንን ትፈልጉታላችሁ። የድሮዎቹ ጥሩ መላጫዎች ውስጣቸው ናስ ነው፤ ከላይ ኒኬል ወይም ወርቅ ተቀብቷል። ሞረድ ሲነካው ቢጫው ናስ ይወጣል። ይሄ መልኩን ያበላሻል፣ ሳሙናና እርጥበት ሲነካውም ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ያወጣል፤ ግን አይሞትም። ርካሾቹና ብዙዎቹ የዛሬዎቹ ደግሞ የዚንክ ድብልቅ ናቸው፤ ከላይ ክሮም። እነዚህን ቅባቸውን ከገፈፋችሁ አለቀላቸው። ዚንኩ ከውስጥ እየተበላ ይሸረካከታል። እንዴት ትለያላችሁ? መቀመጫውን ገልብጣችሁ ክብደቱንና የአጨራረሱን ጥራት እዩ። የተቧጨረ ቦታ ላይ ቢጫ ካያችሁ ናስ ነው፤ ግራጫ ካያችሁ ዚንክ ነው። ቅቡ ደህና ሆኖ ካልለየላችሁ ለመለየት ብላችሁ አትቧጭሩት፣ አደራ።

እጀታዋ ከታች ሲዞር ከላይ እንደ በር የምትከፈተዋ መላጫ ደግሞ ፈጽሞ ሞረድ አይነካትም። የእሷ ጋርድ የመክፈቻውን አካል የተሸከመ ነው። ሞርሳ ላይ ስታጠብቋት መዋቅሯ ይጣመማል፣ በሮቹ እኩል አይዘጉም። ከዚያ በኋላ በምንም ሳልዳቱራ አትመለስም። ሦስት ቦታ የምትፈታዋ፣ ክዳን፣ መቀመጫና እጀታ ያላት፣ ቢያንስ መቀመጫዋ ሊቀየር ይችላል።

አንዳንዱ በአንድ ጎን ብቻ ሞርዶ ሌላውን ጎን እንደነበረ ይተወዋል። ብልሃት ነው፤ ከመጥፎዎቹ መካከል የተሻለው ነው እላለሁ። ችግሩ በሁለት ጎን መላጫ የሚላጭ ሰው በየመሃሉ ማገላበጡ ነው። አረፋ በሞላበት ፊት፣ እንፋሎት በሞላበት መታጠቢያ ቤት፣ የትኛው ጎን እንደሆነ የምታውቁት ደሙ ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልሻገር፤ ከዛሬው ንግግር ውስጥ ለእኛ ሀገር ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል። «ጠጋ ብሎ ይላጭልኝ» የሚለው ጥያቄ። ፂሙ ጥቅልል የሆነ ሰው፣ ማለትም ከእኛ ብዙዎቻችን፣ በጣም ጠግቶ ሲላጭ አንገቱ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል። ያንን ሽፍታ ብዙ ሰው የቆሸሸ መላጫ ውጤት አድርጎ ያየዋል። የቆሸሸ መላጫም ያመጣል፤ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ጥቅልል ፀጉር በጣም ተጠግቶ ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ይሆናል። ከዚያ ወይ ከቆዳ በታች ገብቶ እዚያው ያድጋል፣ ወይ ወጥቶ ታጥፎ ቆዳውን ይወጋና ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ያየዋል፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ መግል ይይዛል።

ለእንዲህ ዓይነት ሰው የቆዳ ሐኪም የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። በጣም አትጠጋ። ፂሙ በሚያድግበት አቅጣጫ ተላጭ። ቆዳህን አትወጥር። ከባሰብህ በማሽን 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተህ ቁረጥ። እስቲ ይሄን ከጋርድ አልባ መላጫ ጋር አስተያዩት። ያለ ጋርድ ለመላጨት ቆዳ መወጠር ግድ ነው ብያችኋለሁ። ለዚህ ሰው ደግሞ የተከለከለው እሱ ነው። ጋርዱን ሞርዳችሁ የምታገኙት ጥጋት ለሁለት ቀን ነው፤ ሽፍታው ሳምንት ይቆያል።

«እሺ፣ የአያቴ መላጫ በጣም የዋህ ነው፣ አይቆርጥም፤ ምን ላድርግ?» የሚል አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ምላጩን ቀይር። ግማሹ ቅሬታ እዚያው ያልቃል። ምላጭ ከምላጭ በጣም ይለያያል፤ አንዱ ለአንተ የተመቸ ለወንድምህ አይመችም። ቀጥሎ ፂምህን በሙቅ ውሃ አርጥበው። ጄሪካን ካለ ጀበናም አለ፤ አንድ ስኒ ሙቅ ውሃ ይበቃል። የረጠበ ፂም ለመቁረጥ በጣም ይቀላል።

ይሄ ሁሉ ካልበቃ አንድ ያረጀ ምላጭ ውሰድ። ሁለቱን ስል ጠርዞች በፒንሳ እየሰበርክ አንሳ፤ ዓይንህን ጠብቅ፣ ምላጭ ሲሰበር ይፈናጠራል። የቀረውን መካከለኛ ቁራጭ ከአዲሱ ምላጭ ስር፣ መቀመጫው ላይ አስቀምጥና እሰረው። ምላጩ 0.1 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። ክፍተቱ ሰፋ፣ ጠርዙም ትንሽ ወጣ አለ። ልዩነቱ ፊት ላይ ይሰማል። ካልወደድከው ታወጣዋለህ፤ መላጫው እንደነበረ ነው። ሁለት መደረብ የሚችል አለ። ከዚያ በላይ አትሂዱ፤ ክዳኑ በደንብ አይጨብጠውም።

ስለ ጥርሱም አንድ ነገር ሳልል አልሄድም። ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ እስከ አርባው ድረስ ፂሙን አይነካም። አርባ ከወጣ በኋላ በድፍኑ ዘንግ መላጫ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ዘንጉ ረጅሙን ፂም ያጋድመዋል፤ ምላጩ ያልፈዋል፣ ይደፈናል፣ ደግሞ ማጠብ ነው። ጥርስ ያለው ላይ ግን ፂሙ በጥርሶቹ መካከል ቆሞ ያልፋል፣ አረፋውም አብሮ። ጥርሱ እንቅፋት ነው የምትሉት ሰዎች፣ ያንን ሥራ ማን ሊሠራላችሁ ነው?

ጥያቄ ወደ መቀበል ልሂድ፤ እጃቸውን ያወጡ አሉ።

(አንድ ፀጉር አስተካካይ፦ «የደንበኛ መስመር ስይዝ ጠርዙን ማየት አለብኝ። በጋርድ አላይም። ታዲያ ምን ልጠቀም?»)

አንተ ልክ ነህ፤ ጋርድ ያለው መላጫ ለመስመር አልተሠራም። ግን መልሱ ጋርዱን መሞረድ ሳይሆን ሌላ መሣሪያ ነው። ግማሽ ምላጭ የሚገባበት ታጣፊ መያዣ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ሱቃችሁ ውስጥ አላችሁ። እሱ ጋርድ የለውም፤ ግን እጀታው ከስለቱ ጋር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ጣትህ ስለቱ አጠገብ ነው። መንጋጋው ደግሞ ምላጩን እስከ ጠርዙ ድረስ ነው የሚጨብጠው። ለዚህ ነው የሚሠራው። ፔሬ ልባሱን ሲያወጣ የሚቀረው ምላጭ ማለት እሱ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ምላጩን ደንበኛው እያየ ከወረቀቱ አውጡት፣ ሲያልቅም እያየ ጣሉት። ስለ ኤች አይ ቪ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ብዙ አይወራለትም፤ ያ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ በደረቀ ዕቃ ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ምላጩን ቀይሮ መያዣውን አለማጽዳትም አይሠራም። የምላጭ ቁራጭ ደግሞ ፌስታል ውስጥ አይጣልም። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ብሱና በዚያ ክቱት፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት እህቶች እጅ አላቸው።

(አንዲት ተማሪ፦ «ጋርድ የሌለው፣ እጀታው በ90 ዲግሪ የቆመ መላጫ ፋብሪካ ለምን አይሠራም? ማንም አልሞከረም?»)

ይሠራል እኮ! ቀለም ቤት ሂጂ። መስታወት ላይ የደረቀ ቀለም የሚፋቅበት፣ ባለ አንድ ጎን ምላጭ የሚገባበት መፋቂያ አለ። እጀታው በ90 ዲግሪ ነው፣ ጋርድ የለውም። መስታወት አያብጥም፣ አይደማም፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ስለዚህ ጋርድ አላስፈለገውም። ምላጩ ደግሞ ከፂም መላጫ ምላጭ ብዙም አይርቅም። ፊቱን በዚያ የሚላጭ ሰው ግን አላየሁም። ጋርዱን የሞረድነው መላጫ ወደዚያ ነው እየቀረበ ያለው።

(ከኋላ አንድ ወጣት፦ «ቤት ያለው መላጫ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?»)

አሜሪካ ሠራሽ ጂሌት ከሆነ ከስር ገልብጠው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ባሉት ላይ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር ታገኛለህ። ፊደሉ ዓመቱን፣ ቁጥሩ የዓመቱን ሩብ ይናገራል። ለምሳሌ ዲ 3 ካለ የ1958 ሦስተኛው ሩብ ነው። ኢ 1959፣ ኤፍ 1960 እያለ ይቀጥላል። ከዚያ በፊት ያሉት ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፤ በቅርጹ ነው የሚለየው። ሞረድ ከማንሳትህ በፊት ይሄን ብታይ ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ እንደገና አይሠራም።

(አንድ አባት፦ «ልጄ፣ የኔን ልጁ ቀድሞ ሞርዶታል። የአባቴ ነበር፤ ወታደር ነበሩ። ምን ይሻለኛል?»)

ጋሼ፣ አምጡትና ልየው። እጀታውና ክዳኑ ደህና ከሆኑ ነገሩ አላለቀም። ሦስት ቦታ የሚፈታ ከሆነ የሚፈለገው መቀመጫ ብቻ ነው። ምናለሽ ተራም፣ ቆራሌውም ዘንድ እጀታቸው የተሰበረ፣ መቀመጫቸው ግን ደህና የሆነ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እጀታው ወይ ብሎኑ ነውና። ሲፈልጉ ክዳኑን ይዘው ይሂዱ። የክዳኑ ጉጦች መቀመጫው ቀዳዳ ውስጥ ሳይላሉ፣ ሳይጠብቁም መግባት አለባቸው። ከዚያ ምላጭ አስገብተው ከፊት ለፊት ብርሃን ላይ ይዩት፤ የምላጩ ጠርዝ ከጋርዱ ጋር በሁለቱም ጎን እኩል ካልሄደ ሌላ ይፈልጉ። በመዶሻ ላስተካክል አይበሉ፤ ናስ ይታዘዛል ግን ይሰነጠቃል።

ልጁንም አይቆጡት። መቀመጫውን ስናገኝ እሱ ራሱ መጥቶ ይግጠመው።